የውሻው ትል በመድኃኒት ጠፍቶ ለምን ይመለሳል?

ሰላም ግቢ፦ 18 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከፊንጢጣው የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ይጥላል፤ ትኩስ ሲሆን ይንቀሳቀሳል። አልቤንዳዞል ምንም አላደረገለትም። ፕራዚኳንቴል ሲሰጠው ጠፋ፣ በ4ኛው ሳምንት ተመለሰ። ጥሬ ሥጋ አይበላም። መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆን? ቤት ውስጥ ድመትና የ2 ዓመት ሕፃን አሉ። ቁንጫም አለ።

የእንስሳት ሐኪም፦ መድኃኒቱ ሠርቷል። መልሱ መጨረሻ ላይ የጻፉት ቁንጫ ነው። ይሄ ሰው ከጥሬ ሥጋ የሚይዘው ኮሶ ሳይሆን ዲፒሊዲየም የሚባል ሌላ ትል ነው። የሚወድቀው የትሉ ቁራጭ እንቁላል ተሸክሟል። መኝታው ላይ ደርቆ ሲፈርስ የቁንጫ እጭ እንቁላሉን ይበላዋል፤ እጩ አድጎ ቁንጫ ሲሆን ትሉም በውስጡ ያድጋል። ውሻው ሲያሳክከው በጥርሱ እያከከ ቁንጫውን ይውጣል፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። የእርስዎ 4ኛ ሳምንት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ፕራዚኳንቴል አንጀት ውስጥ ያለውን ይገድላል እንጂ ነገ የሚዋጠውን አይከለክልም።

መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ለ18 ኪሎ ባለ 50 ሚሊግራም 2 ፍሬ። ድመቷም በዚያው ቀን በክብደቷ ትታከም። አይቨርሜክቲን ማስወጋት የተለመደ ነው፣ ለዚህ ትል ግን ከንቱ ነው።

ቆላ ድባ፦ ዳያዚኖን (የተባይ መርዝ) በጥብጦ ውሻውንም ወለሉንም ማጠብ አይቀልም?

የእንስሳት ሐኪም፦ ሕፃን ወለል ላይ በሚድህበት ቤት? በፍጹም። ለሃጭ ማዝረክረክ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ደግሞም ድሩን ፈትሎ የተሸፈነውን ቁንጫ መርጨት አያገኘውም፤ እዚያ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ የእግር ንዝረትና ሙቀት ሲሰማው ይወጣል። ከሕክምና በኋላ ለሳምንታት አዲስ ቁንጫ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን "አልሠራም" ብሎ ያቆማል። ውሻውንም ድመቷንም በቁንጫ መድኃኒት ሳያቋርጡ ቢያንስ 3 ወር ያክሙ። የመኝታውን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ይጠቡ። እጩ ብርሃን ስለሚሸሽ ከምንጣፍ ስርና ከወለል ስንጥቅ ነው የሚገኘው፤ ጥራጊውን ፌስታል ውስጥ አስረው ያስወግዱ። መቀነሱን ለማየት ማታ አምፖል ስር የሳሙና ውሃ በሳህን ያስቀምጡ፣ ጠዋት ይቁጠሩ።

ጤና መኮንን፦ ስለ ሕፃኑ፦ ከውሻው ሰገራ በቀጥታ አይያዝም፣ ቁንጫውን መዋጥ አለበት። ዳይፐሩ ላይ ያንኑ ሩዝ የመሰለ ነገር ካያችሁ ቁራጩን ራሱን በንጹሕ ዕቃ ለላብራቶሪ ውሰዱ፤ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ያመልጠዋል። የኮሶ አበባ ለሕፃን እንዳታጠጡ። ቁንጫም በጥፍር አይፈረጥ፣ ሳሙና ውሃ ውስጥ ይጣል። በአይጥ ቁንጫ የሚመጣ የታይፈስ ዓይነት አለ፤ ጀርሙ በቁንጫው ዓይነ ምድር ውስጥ ሆኖ ስናክክ በቁስል ይገባል። ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ስለ ቁንጫው ለሐኪሙ መንገር ነው፤ የዊል-ፌሊክስ (የታይፈስ የደም ምርመራ) ውጤት ብቻውን አያስተማምንም።

ሰላም ግቢ፦ ድመቷ 3 ኪሎ ናት። የውሻውን የጀርባ የቁንጫ መድኃኒት ጠብታ ቀንሼ ላድርግላት?

የእንስሳት ሐኪም፦ መጀመሪያ ማሸጊያውን ያንብቡ። ፐርሜትሪን (የቁንጫ መግደያ) የሚል ካለበት አንድ ጠብታም አይነካት፤ የድመት ጉበት አያጣራውም፣ አንዘፍዝፎ ይገድላታል። ውሻው ከተቀባም ጠብታው እስኪደርቅ አጠገቡ እንዳትተኛ።