ከፓራፔት ጀርባ ያለ አሸንዳ በረዶ ሲዘንብ ወደ ኮርኒስ ይገለብጣል

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቆርቆሮ። ስፋቱ 12 ሜትር በ6 ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 72 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ያ ሁሉ የሚገባው ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ጫፍ በላይ ከፍ ብሎ ከተሠራው ግድግዳ) ጀርባ ባለ አንድ የላሜራ አሸንዳ ነው፦ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15። መውጫው አንድ ጫፍ ላይ ያለ ባለ 3 ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ብቻ ነው።

ተራ ዝናብ ምንም አያደርገውም። ክረምት ላይ በረዶ ሲቀላቀል ግን በረዶው እየተንሸራተተ ቱቦው አፍ ላይ ይከመርና ይጠጥራል። ውሃው ከኋላው ሞልቶ በቆርቆሮው ጫፍ ስር ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ኮርኒሱ አብጦ ጥጉ ላይ መበስበስ ጀምሯል።

መጋጠሚያዎቹ ተፍቀው በሲሊኮን ታሽገዋል፤ በባልዲ ውሃ ሲፈስበት ጠብ አይልም፣ ስለዚህ ቀዳዳ አይደለም። ተዳፋቱም በውሃ ልክ ሲታይ በ12 ሜትር 6 ሴንቲ ይወርዳል። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ተደረገ፤ ቅጠሉን ቢይዝም በረዶውን ይበልጥ ስላከማቸ ተነሳ። ቱቦውን ባለ 4 ኢንች ማድረግ አፉን በ1.8 እጥፍ ገደማ ያሰፋዋል፣ በረዶው ግን እዚያው ጥግ መከመሩ አይቀርም።

ስለዚህ ያሰብኩት ከቆርቆሮው ጫፍ 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ፓራፔቱን በስቶ ትርፉን ውሃ ወደ ደጅ የሚተፋ ቱቦ ማውጣት ነው። የሚያሳስበኝ ላሜራው በፀሐይ እየተለጠጠ፣ ማታ እየተኮማተረ ሲሊኮኑን ከብሎኬቱ ማላቀቁ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ያወጣችሁ፣ ላሜራውና ብሎኬቱ የሚገናኙበትን ዙሪያ በምን ብታሽጉት ነው ሳይላቀቅ ክረምቱን የተሻገረው?