የቁጥቋጦ ሳይሌጅ ሸተተብኝ፤ ባክቴሪያ ልጨምር ወይስ ፉርሽካ?

ጊደር2፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለላሞቼ ሳይሌጅ (አየር ሳይገባው ታሽጎ፣ ኮምጥጦ የሚቆይ መኖ) ልሠራ ብዬ የሉኪንያ ቁጥቋጦ ቅጠልና ለጋ ቀንበጥ ከትፌ በርሜል ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ አሽጌ 40 ቀን አቆየሁት። ትናንት ስከፍተው ሽታው አይጣል ነው! ጠቁሯል፣ ያሟልጫል፣ እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ እንኳ አልለቀቀኝም። ላሞቹ አሽትተው ዞር አሉ። በቆሎ በዚሁ መንገድ ሠርቼ አሪፍ ነበር የወጣልኝ። አንዱ የባክቴሪያ ዱቄት ጨምርበት ይለኛል፣ ሌላው ፉርሽካ ብቻ ይበቃል ይላል። የቱን ልስማ?

ላምአለኝ፦
ያ ሽታ የቡቲሪክ አሲድ ነው። ክሎስትሪዲያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ቀድመውሃል። ከበቆሎ ጋር አታወዳድረው፤ በቆሎ ስኳር ስላለው ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ዝቅ ሲል ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ቶሎ ወደ 4 ይወርዳል። ሉኪንያ ግን እንደ አተርና ባቄላ ዘመዶቹ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያለዝብ ነገር ስላለበት ፒኤቹ አልወርድም ብሎ ይገግማል። ለመሆኑ አጠውልገኸው ነበር?

ጊደር2፦
ኧረ ምንም! ጠዋት ቆርጬ ከሰዓት ከተትኩት። ዝናብም መትቶት ነበር።

ቀንበጥ፦
በቃ፣ ችግርህ እሱ ነው። በሚቀጥለው ከተከተፈው አንድ እፍኝ ያዝና ለግማሽ ደቂቃ ጥብቅ አድርገህ ጭመቀው። በጣቶችህ መሃል ውሃ ከወጣ ገና ነው። እጅህን ስትከፍት ቀስ ብሎ ከተፈታ ደርሷል። ፉርሽካ እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ ደረቅ ስለሆነ እርጥበቱን ይመጠዋል። ለ100 ኪሎ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ኪሎ ጨምር፣ ግን በደንብ አዋህደው እንጂ ከታች ብቻ እንዳታፈሰው። ስኳርም ይሰጣል፣ ብዙ አትጠብቅ እንጂ፤ አብዛኛው ስታርች ነው፣ ሳይሌጁን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ስታርችን በቀጥታ አይበሉም። ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ካለህ ለዚያው 100 ኪሎ 3 ኪሎ ያህል በትንሽ ውሃ አቅጥነህ ርጭበት። ባክቴሪያውን ያኔ አስበው። ስኳር ሳይኖር እሱን መጨመር እንግዳ ጠርቶ ባዶ ሌማት ማቅረብ ነው።

ላምአለኝ፦
ባክቴሪያ ከገዛህ ፕላንታረም የሚባለው ያለበትን ፈልግ፣ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ በፍጥነት የሚቀይረው እሱ ነው። መጠኑ በአንድ ግራም ቅጠል ቢያንስ 100,000 ሕይወት ያለው ሴል መሆን አለበት፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ቡክነሪ የሚባለው ሥራው ሌላ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ እንዳይሞቅና እንዳይሻግት ይረዳል፣ ግን ሥራውን እስኪጨርስ ሁለት ወር ገደማ መታገስ አለብህ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ክሎሪን በበዛበት ውሃ እንዳትበጠብጠው፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። እኔ አንዴ በቧንቧ ውሃ በጥብጬ ሬሳ ስረጭ ውዬ፣ ዱቄቱ የማይረባ ነው እያልኩ ሻጩን ስሳደብ ከረምኩ።

ቀንበጥ፦
ሃሃ! እንጨቱንም አትርሱት። ወፍራም ግንድ ከገባበት መሃል ላይ አየር ይቀራል፣ አየር ካለ ባክቴሪያም ፉርሽካም አያድኑትም። ቅጠሉንና ለስላሳውን ቀንበጥ ብቻ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከትፈህ፣ በስስ በስሱ እየጨመርክ ቁመህ ርገጠው።

ጊደር2፦
ገባኝ፣ መጀመሪያ ሁለት በርሜል ብቻ እሞክራለሁ፤ አንዱን በፉርሽካና ሞላሰስ፣ ሌላውን በዚያው ላይ ባክቴሪያ ጨምሬበት። የተበላሸውን ከገለባ ጋር ቀላቅዬ ብሰጣቸውስ?

ላምአለኝ፦
እንዳታደርገው! ላሞቹ ራሳቸው ነግረውህ የለ እንዴ። ለኮምፖስት ጣለው።