የፖሊስ ማኅበሩ የጠበቃ ሽፋን፦ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

የወሎዬው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች። እዚህ ውስጥ ፖሊስ የሆነ ሐበሻ ካለ ምክር ፈልጌ ነው።

አካዳሚ ከጨረስኩ ሦስት ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ካሸር ነበርኩ፣ በኋላ ማናጀር ሆንኩ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ካውንቲ (የአካባቢ መስተዳድር) ፕሮቤሽን ላይ፣ ማለትም የሙከራ ጊዜ ላይ ያለሁ ፖሊስ ነኝ። የሌሊት ሺፍት ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሺፍት ልንወጣ ስንሰበሰብ የማኅበሩ ተወካይ መጣና ፎርም አደለን። መዋጮው በየፔይቼኩ 31 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የተወሰነው ለጠበቃ ሽፋን ይሄዳል አለ። ግዴታ አይደለም፤ የፈለገ ይፈርማል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ፎርሙ እስካሁን ሎከሬ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ "ምን አጥፍተህ ነው ከአሁኑ ጠበቃ የምትገዛው?" ትለኛለች። 31 ዶላር በወር ሁለቴ ማለት የልጄ የዋና ትምህርት ክፍያ ነው፣ አልፈርድባትም። እኔም ብሆን ግራ ገብቶኛል። በሥራ ላይ ሆኜ ለሠራሁት ነገር ካውንቲው ራሱ ጠበቃ ያቆምልኝ የለ? ታዲያ ሁለተኛው ጠበቃ ምን ሊሠራ ነው?

አንዲት ነገር ደግሞ አለች። ፕሮቤሽኑን ስጨርስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ሠርግ አዳራሽ በር ላይ ሴኩሪቲ ልሠራ አስቤአለሁ። እዚያ የሆነ ነገር ቢፈጠር ሽፋኑ ይሠራል?

ባጁን ያስረከበው

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ 21 ዓመት ፓትሮል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። መልሴ ፈርም ነው። ምክንያቱ ረዘም ይላል፣ ቡናህን ያዝ።

መጀመሪያ የባለቤትህን ጥያቄ። እድር የሚገባ ሰው ሊሞት አስቦ አይገባም። ይኼም የጠበቃ እድር ነው በላት። እንደ እድር ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አባል መሆን የለም። ነገሩ በተፈጠረበት ቀን አባል ካልነበርክ አይሸፍኑህም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሐሙስ ነገር ገጥሞት አርብ ጠዋት ፎርም ሞላ። ማኅበሩ በደስታ ተቀበለው፣ ለሐሙሱ ጉዳይ ግን አልከፈለለትም። ለጠበቃ ማስያዣ ብቻ 7,500 ዶላር ከኪሱ አወጣ።

ግዴታ አይደለም ያሉህ ልክ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃነስ በተባለው ጉዳይ የመንግሥት ሠራተኛን ያለፈቃዱ የዩኒየን ክፍያ ማስከፈል አይቻልም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ማንም አያስገድድህም፤ ብትቀርም ማንም አያስታውስህም።

አሁን የካውንቲው ጠበቃ። ሰው ካሳ ፈልጎ ከከሰሰህ፣ ልክ ነህ። የሜሪላንድ ሕግ የአካባቢው መስተዳድር በሥራህ ወሰን ውስጥ ለሠራኸው ነገር ጠበቃ እንዲያቆምልህ ያስገድደዋል። ካሳውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው እሱ ነው። ጆአና ሽዋርትዝ የምትባል የሕግ ፕሮፌሰር በ2014 ያወጣችው ጥናት አለ። ባየቻቸው የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ከ2006 እስከ 2011 ለከሳሾች ከተከፈለው ገንዘብ ፖሊሶቹ ከኪሳቸው ያወጡት 0.02 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቴን ይወስዱብኛል ብለህ እንቅልፍ አትጣ። በክፋት ነው ያደረገው ከተባለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ዕዳው ወደ አንተ ይዞራል፣ ካውንቲው የከፈለውንም መልሰህ ክፈል ሊልህ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ የካውንቲው ጠበቃ ማንን ያስቀድማል? እሱን ራስህ መልስ።

ግን እኔ ባየሁት ፖሊስን እንጀራ የሚያሳጣው የካሳ ክስ አይደለም። እንጀራ የሚያሳጣው የራስህ መሥሪያ ቤት ሲመረምርህ ነው፤ ኢንተርናል አፌርስ የሚሉት። እዚያ ከሳሽህ ካውንቲው ነው። የከሰሰህ ሰው ጠበቃ ያቆምልኛል ብለህ ትጠብቃለህ? ነገሩ ወደ ወንጀል ከዞረም ያው ነው። የካውንቲው ጠበቃ ወንጀል ችሎት ላይ ካንተ ጎን አይቀመጥም።

የራሴን ልንገርህ። 2009፣ የካቲት ነው፤ መንገዱ በረዶ ነው። አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ ሮጠብኝ፣ ደረስኩበት፣ ሁለታችንም ወደቅን። እሱ ክርኑ ተላጠ። በሦስተኛው ሳምንት ገፍቶ ጣለኝ የሚል አቤቱታ መጣና ተጠራሁ። ክፍሉ ከሻወር ቤት ብዙም አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ መቅጃ፣ አንድ ፓኮ ሶፍት፣ አንድ ወረቀት። ሰርጀንቱ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቼ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። ከዚያ "አሥር ደቂቃ ነው፣ የሆነውን ብቻ ንገረን" አለኝ።

ልነግረው ነበር። እኛ እኮ "እውነት የያዘ ሰው ምን ይፈራል" እየተባልን ያደግን ነን። አፌን ልከፍት ስል የማኅበሩ ተወካይ የሰጠኝ የጠበቃ ካርድ ትዝ አለኝና ጠበቃ እፈልጋለሁ አልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ጠበቃዋ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች፣ ሳንድዊቿን ግማሹን በልታ ግማሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከመቀመጧ በፊት ሰርጀንቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ "ይኼ ትእዛዝ ነው ወይስ በፈቃዱ ነው?"

ያቺን ጥያቄ እኔ በ21 ዓመት አስቤ አላመጣትም ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ የትራፊክ ቅጣት አጭበርብራችኋል የተባሉ ፖሊሶች ነበሩ። መልስ ካልሰጣችሁ ትባረራላችሁ ተባሉና መለሱ። የመለሱትን ፍርድ ቤት ላይ አምጥተው አስፈረዱባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ተገደው የተናገሩት ለወንጀል ክስ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ጋሪቲ የሚባለው መብት ያ ነው። ታዘህ ከተናገርክ ቃልህ ለዲሲፕሊን እንጂ ለወንጀል ችሎት አይውልም። በፈቃድህ ካወራህ ግን የተናገርካት ሁሉ ችሎት ድረስ ትከተልሃለች። ስትታዘዝ ደግሞ አልናገርም ማለት አትችልም፤ በዚያ ብቻ ልትባረር ትችላለህ። ሰርጀንቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ትእዛዝ ነው" አለ። በጽሑፍ አደረገችው።

ከዚያ ወደ ውጭ ይዛኝ ወጣችና ስንት ሰዓት ላይ እንዳስቆምኩት ጠየቀችኝ። 9:40 አልኳት እርግጠኛ ሆኜ። የሬዲዮው መዝገብ 9:52 ነው የሚለው። "የማታስታውሰውን አላስታውስም በል፣ አትገምት" አለችኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን ዋጋ አለው እንዳትል። ዋሽቷል ከተባልክ አቃቤ ሕግ ምስክርነቱ የማይታመን ብሎ ይመዘግብሃል። ፍርድ ቤት ሊያቆምህ ያልቻለ ፖሊስ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። በክርን መላጥ ያልተባረረ ሰው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይባረራል።

መጨረሻው? ኃይል መጠቀሜን በዚያው ሌሊት ሪፖርት ስላላደረግኩ የጽሑፍ ወቀሳ ደረሰኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አላጉረመረምኩም። የበረዶው ጉዳይ ግን ተዘጋ። ለጠበቃዋ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

በኔ ጊዜ ደግሞ ከለላ ነበረን። ሜሪላንድ በ1974 የፖሊስ መብት ሕግ በማውጣት ከሁሉም ስቴት የመጀመሪያዋ ናት። በ2021 ሰረዘችው። አሁን የሕዝብ አቤቱታ ሲመጣ ሲቪሎች ያሉበት ኮሚቴ ያየዋል። ክሱ ከጸናና ቅጣቱን አልቀበልም ካልክ ደግሞ ሦስት ሰው ያለበት ቦርድ ፊት ትቀርባለህ፦ የአስተዳደር ዳኛ ወይም ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ አንድ ሲቪል፣ አንድ በማዕረግ የሚመጥንህ ፖሊስ። እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ከድሮው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ድሮ እርስ በርሳችን ነበር የምንዳኘው። ግን እዚያ ብቻህን አትግባ።

የአትላንታዋ

ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ጆርጂያ ነኝ፣ እዚህ ፖሊስ በዩኒየን ተደራድሮ ውል የሚያስር አይደለም። ብዙዎቻችን በግላችን ፒቢኤ የሚባል የፖሊሶች ማኅበር ውስጥ የገባነው ለጠበቃው ብለን ነው። ስለ ደሞዝ ድርድር ማንም አያወራም።

እኔ የምጨምረው አንድ ነው ወንድሜ። የሚሰጡህን ብሮሹር ተወውና ሙሉውን ውል ጠይቅ፣ የማይሸፍኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ አንብብ። ለሠርግ አዳራሹ ጥያቄህ መልሱ እዚያ ነው ያለው። አንዳንዱ ውል የትርፍ ሥራን የሚሸፍነው መሥሪያ ቤትህ በጽሑፍ ከፈቀደልህና እንደ ፖሊስ በሠራኸው ነገር ላይ ብቻ ነው። ሰካራም ስታስር ፖሊስ ነህ። ወንበር ስታነሳ ሰው እግር ላይ ብትጥል ግን የአዳራሹ ሠራተኛ ነህ። አዳራሹ የራሱ ኢንሹራንስ እንዳለውም አጣራ።

የቤት ጠብ፣ ሰክሮ መንዳት፣ ከሥራ ጋር የማይገናኝ ነገር፣ እሱን አትጠብቅ።

ደግሞ መጀመሪያ እነሱ ጋ ደውል። የኛ ልጅ አንዱ ደንግጦ የአክስቱ ልጅ የሆነ ጠበቃ ጋ ሮጠ። ሰውየው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው! ሁለት ሳምንት ሠርቶለት ቢል ሲልክ ማኅበሩ "ሳናውቅ የቀጠርከውን አንከፍልም" አለ። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ማን ያነባል።

ታዛቢ

ይቅርታ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ግን ይኼን ሁሉ ሳነብ ደሜ ፈላ። ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ዴሬክ ሾቪን የጠበቃ ወጪው የተሸፈነው በሚኒሶታ የፖሊሶች ማኅበር የመከላከያ ፈንድ ነው። የኛ ልጆች ሌሊት ከሥራ ሲመለሱ መኪናቸው ሲቆም እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው የሚንቀጠቀጡበት አገር ነው። እናንተ ደግሞ እንዴት አድርገን እንዳንነካ ትማከራላችሁ።

ባጁን ያስረከበው

ታዛቢ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ከፍለውለታል። እሱም ተፈርዶበት 22 ዓመት ተኩል ተቀጥቷል። ጥሩ ጠበቃ ቆሞለት ተፈረደበት፤ ስለዚህ ፍርዱን ማንም "ጠበቃ ስላጣ ነው" ሊለው አይችልም። ገንዘብ የሌለው ነፍሰ ገዳይ እንኳ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

በአንድ ነገር ግን ካንተ ጋር ነኝ። ማኅበሮች የቆየ የጥፋት መዝገብ እንዲጠፋ፣ ምርመራ እንዲጓተት በውል ሲደራደሩ አይቻለሁ። እሱ ነውር ነው፣ እዚያው ስብሰባ ላይም ተናግሬ አኩርፈውኛል። ጠበቃ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኔ ልጅም በዚያው መንገድ ነው የሚነዳው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አስቁመውታል።

የወሎዬው

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ታዛቢ፣ አልተቀየምኩህም። እኔም ጋራዥ ሳለሁ ሌሊት ወደ ቤት ስነዳ እጄን መሪው ላይ አድርጌ አውቃለሁ።

ዛሬ ከሺፍት በፊት ተወካዩን ሙሉውን ውል አምጣልኝ አልኩት። እስካሁን የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ፣ ግራ ገብቶት አየኝ። 38 ገጽ ነው። የትርፍ ሥራ የሚለው ገጽ 11 ላይ ነው፦ የአለቃ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ዩኒፎርም ወይም ባጅ፣ የፖሊስ ተግባር። አንቺ ያልሽው ቁርጥ እሱ ነው። የአዳራሹን ባለቤት ኢንሹራንስ አለህ ወይ ብዬ ብደውልለት "አንተ ልጅ፣ ሥራ ሳትጀምር ልትከሰኝ ነው?" አለኝ። እስኪያሳየኝ አልጀምርም።

ተወካዩን ደግሞ ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰውስ ብዬ ጠየቅኩት። ጠበቃ ትይዛለህ፣ ግን ፕሮቤሽን ላይ እያለህ ቢያሰናብቱህ ብዙ የምንከራከርበት የለም አለኝ። እሱን እንኳ በግልጽ መናገሩ ደስ አለኝ።

ፈርሜአለሁ። ማታ ለባለቤቴ የእድሩን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ካርዱን ተቀብላኝ የ24 ሰዓቱን ቁጥር ስልኳ ላይ መዘገበች። "ጠበቃ" ብላ ሳይሆን "እድር" ብላ ነው ያስቀመጠችው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ትእዛዝ ነው ወይስ በፈቃዴ ነው ብዬ እኔው ራሴ ብጠይቅ ያኮርፉብኛል? ወይስ ጠበቃው እስኪመጣ ዝም ልበል?

ባጁን ያስረከበው

ያኮርፉ። ጠበቃዬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ በል፣ ውኃ ጠይቅ፣ ዝም በል። ስለ ልጆችህ ሲጠይቁህ ደህና ናቸው በል።