ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ ስንተኛ ክፍል ይግባ? የአብነት ትምህርት ጥራትስ በምን ይለካል?

ጥያቄ፤ ከ«አጎት ዘባሕር ዳር»

ጤና ይስጥልኝ። የወንድሜ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። በገጠር ደብራችን ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ በ11 ዓመቱ አባቱን ሳያስፈቅድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠፍቶ ጎጃም ውስጥ አንድ ቅኔ ቤት ገባ። ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ረዘም ያለውን ዋዜማ እስከ መቀኘት ደርሶ ሳለ ዘንድሮ ክፉኛ ታሞ እኔ ዘንድ መጣ። አሁን ድኗል፤ ነገር ግን መመለስ አልፈለገም፣ «አስኳላ አስገባኝ» ይለኛል።

ግራ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ጋዜጣ ሰጥቼ ሳስነብበው ሰባተኛ ክፍል ከምትማረው ልጄ ይልቅ አጥርቶ ያነባል፤ ያነበበውንም ጋዜጣውን አጥፎ በራሱ አነጋገር ይተርክልኛል። በሌላ በኩል አንድ ኩንታል ጤፍ ለስምንት ቤት እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ ስንት ኪሎ እንደሚደርስ ብጠይቀው ዝም አለ። የእንግሊዝኛ ፊደልማ ጭራሽ አይለይም። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወስጄው ርእሰ መምህሩ «ወረቀት ስለሌለው ከአንደኛ ክፍል ይጀምር» አሉኝ፤ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ለመሆኑ ይህ ልጅ የተማረ ነው ወይስ ያልተማረ? ያሳለፋቸውን ዓመታት በምን ሚዛን ልመዝናቸው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፤ ከ«የቀድሞ ደቀ መዝሙር»

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት ከውስጥ አውቃቸዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሚዛኑ ልናገር። በአብነት ትምህርት ቤት የማይነቃነቀው ዕውቀቱ ሲሆን የሚረዝምና የሚያጥረው ጊዜው ነው። የንባብ መጀመሪያ የሆነውን ፊደለ ሐዋርያን ያላጠራ ልጅ ወንጌለ ዮሐንስ አይሰጠውም፤ ወንጌሉን ያላጠራ ዳዊት አይነካም፤ የቃላቱን አነባበብ፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን፣ ለይቶ ካልጣለ የኔታ መልሰው ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። አንዱ በአንድ ዓመት፣ ሌላው በሦስት ዓመት ይጨርሳል፤ የጨረሰው ሁሉ ግን በእውነት አንባቢ ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት የማይነቃነቀው ዓመቱ ነው፤ ሰኔ ሲደርስ ያወቀውም ያላወቀውም አብሮ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፣ በታችኛዎቹ ክፍሎች ደግሞ ተማሪን ከክፍል መጣል ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል። የዚህ ዕዳ የሚከፈለው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። እነዚህን ልጆች ወደ ኋላ ተከትለን ብንሄድ ብዙዎቹ የተሰናከሉት ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ማንበብ ሳይለምዱ ባለፉበት ጊዜ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። የኔታ ብቻቸውን መቶ ተማሪ ሊያስተምሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ቀደም ያለው ኋለኛውን ያስቀጽላል። ልጁ ሲማር ያስተምራል፣ ሲያስተምርም የተማረውን ያጸናል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ግሥና ርባ ቅምሩን (የግእዙን ቃላትና ሰዋስው) ካጠና በኋላ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ አይቀበሉትም፣ የሌላውን ቢያቀርብ ይታወቅበታል። በ14 ዓመቱ ሰምና ወርቁን አስማምቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት የሚያቀርብ፣ እርማቱንም ቆሞ የሚቀበል ልጅ ያልተማረ ሊባል አይችልም።

ይሁንና የጎደለውን መደበቅ ለልጁ አይጠቅመውም። ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ የሉትም። ከዚህ በላይ ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ጉድለት አለ፤ መጻፍ። ንባብ ቤት የሚያስተምረው ማንበብን ነው፤ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበር። እኔ መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ እየወጣሁ አንድ ገጽ ድርሰት ለመጻፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ እስክሪብቶ ሰጥተው ያስጽፉት፤ የሚያገኙት ነገር ሊያስደነግጥዎ ይችላል።

ሒሳቡን በጤፍ አይጀምሩለት፤ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ይጀምሩለት። መምህራኑ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ሲያወጡ ሰምቷልና ጉጉቱ አለው። 5500 (ከልደተ ክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው ዘመን) ላይ 2018 ደምሮ 7518 ያግኝ፤ ለ19 ያካፍለው፤ ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀንስ ወንበሩ (የስሌቱ መነሻ ቁጥር) 12 ይሆናል። 12ን በ11 አባዝቶ 132ን በ30 ቢገድፍ፣ ማለትም ለ30 አካፍሎ ቀሪውን ቢይዝ፣ አበቅቴው 12፣ 12ን በ19 አባዝቶ 228ን በ30 ቢገድፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። በዓላቱን ለማውጣት የሚያገለግሉት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሚሆኑ ልጁ መሳሳቱን ራሱ ያውቃል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል እነሆ በአንድ ቁጭታ። እኔ ማካፈልን የለመድሁት በዚህ ነው።

አንደኛ ክፍል በቀን ፈረቃ ማስገባቱን ግን አልመክርም፤ በዓመቱ ይጠፋባችኋል። በማታው ትምህርት ያስመዝግቡትና የምደባ ፈተና እንዲሰጡት ይጠይቁ። አማርኛው ከፍ ያደርገዋል፣ ሒሳቡ ይጎትተዋል፤ መካከል ላይ አንድ ክፍል ያገኛል። ከዚያ ደብል እየመታ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ እስኪደርስ መግፋት ነው።

መልስ፤ ከ«እኅት ከጤና ጣቢያ»

የመምህሩ ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ ላይ አንድ ነገር ስለጎደለ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጠያቂው «ክፉኛ ታሞ መጣ» ብለው በአንድ መስመር አለፉት። በምሠራበት ጤና ጣቢያ የቆሎ ተማሪዎች በየክረምቱ እከክ፣ የዓይን ሕመምና በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ይዘው ይመጣሉ። ስምንትና ዐሥር ሆነው በአንዲት ጠባብ ጎጆ ያድራሉ፤ ውሻ የነከሰው ልጅም ብዙ ጊዜ አክሜያለሁ፤ ቁራሽ ለመለመን በየደጃፉ ይዞራሉና። የትምህርት ጥራት ሲባል የተማሪው ገላ፣ እንቅልፍና ምግብ ካልተቆጠረ ምን ተቆጠረ? ችግሩ መፍትሔ ያለው ነው፤ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት ለአንዳንድ ጉባኤ ቤቶች ማደሪያና ቀለብ ሲያቀርቡ ያየነው ለዚህ ነው፤ ለሁሉም ግን አልደረሰም።

ደግሞም «የጨረሰው ሁሉ አንባቢ ነው» የሚለው አነጋገር ያልጨረሱትን ይረሳል። ጎጃም ውስጥ ደብረ ኤልያስና ዲማ ተምረው በኋላ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው ዲፕሎማትና ደራሲ የሆኑትን ሐዲስ ዓለማየሁን እየጠቀስን እንኮራለን፤ መንገድ ላይ የቀሩትን፣ ታመው የሞቱትን፣ ዳዊት ሳይጨርሱ እረኝነት የተመለሱትን ግን የሚመዘግብ መዝገብ የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የወደቁበትን ስለሚቆጥር ውድቀቱ ይታያል። ሴቶች ልጆችስ? የጽላሎዋ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል፤ ስማቸው እስከ ዛሬ እንደ ብርቅ የሚነሣው ግን በሩ ለሌሎች ሴቶች ጠባብ ስለነበረ ነው።

መልስ፤ ከ«ወሎየው ደረሳ»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በእኛም በኩል ነገሩ እንደ መንትያ ይመሳሰላል። ወሎ ውስጥ ቁርኣን ቤት ገብቼ በሉህ ላይ ተጽፎልኝ አነበብሁ፤ ከዚያ ኪታብ ወደሚያስቀሩ ሸህ ዘንድ ሄጄ ፊቅሁን (የሃይማኖቱን ሕግ) እና ነሕውን (የዐረብኛውን ሰዋስው) ጀመርሁ። ደረሳውን፣ ማለትም የሸሁን ተማሪ፣ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነበር። እዚህም ቢሆን ሸሁ ትምህርቱን ያላጠራ ደረሳ አያሳልፉም።

ልዩነት ያየሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ የለመደው ፊደል የአማርኛም ፊደል ስለሆነ ጋዜጣውን ያለ ተጨማሪ ድካም ያነባል፤ ቁርኣን ያኸተመ (አንብቦ የጨረሰ) ልጅ ግን የዐረብኛውን ፊደል ይዞ አስኳላ ሲገባ ከ«ሀ ሁ» ይጀምራል፤ መምህሩም «ምንም አያውቅም» ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ መደበኛው ትምህርት ቤት የሚለካው ብዙ ጊዜ የልጁን ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱ የተጻፈበትን ፊደል ነው።

አንድ ነገር ግን በሁለታችንም ቤት ያለ ድካም ነው፤ ልጁ መጀመሪያ የሚያነበው የማይሰማውን ቋንቋ መሆኑ። ግእዙን ወይም ዐረብኛውን አሳምሮ እያንበለበለ ትርጉሙን የማያውቅ ስንት አለ! የወንድምዎ ልጅ ያነበበውን መልሶ የሚተርከው ከንባብ ቤቱ ይልቅ ቅኔ ቤቱ ቃል መመርመር ስላስለመደው ይመስለኛል። እኔንም ያቀናኝ ነሕው ነው፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስማር ባለቤትና ተሳቢ የሚባለው ነገር አዲስ አልሆነብኝም። በግእዝ ግሥ የወረደ ልጅም እንግሊዝኛ ግሥን አይፈራም፤ መምህሩ በዚያ በኩል እንዲገባበት ንገሩልን።

መልስ፤ ከ«የቀድሞ አመቻች»

አጭር ማስታወሻ። በአርብቶ አደር አካባቢ በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ አመቻች ሆኜ ሠርቻለሁ። የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት እናስጨርስ ነበር፤ ስፒድ ስኩል በተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ጨርሰው አራተኛ ክፍል ይገባሉ። ዕድሜው ከፍ ያለ ልጅ በሰባት ዓመቱ የሚከብደውን ሒሳብ በሳምንታት ይይዘዋል። ማንበብ የሚችል የ15 ዓመት ልጅ እኔ ዘንድ ቢመጣ ኖሮ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አብዛኞቹን ያስተማርሁት ፊደል ከማስቆጠር ጀምሬ ነውና።

መልስ፤ ከ«አጎት ዘባሕር ዳር»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጤናዋ እኅት ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ሕመሙን ያሳጠርሁት አባቱ ይህን ጽሑፍ ስለሚያነብ ነበር። መምህሩ እንዳሉት አስጻፍሁት፤ በግማሽ ሰዓት አራት መስመር ጻፈ፣ ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ ቁልጭ ያለ ነው፣ ነገር ግን በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ እየጣለ ይሄዳል። በማታው ትምህርት ፈትነውት አራተኛ ክፍል ተቀብለውታል፤ የሒሳቡን ጉድለት እስከ መስከረም እንዲሞላ ነግረውናል።

ባሕረ ሐሳቡን ትናንት ጀመርን። 7518ን ለ19 አካፍሎ 13 ቀሪ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ በአራተኛው አገኘው። ከዚያ «አሐደ አእትት ለዘመን» (ለዘመኑ አንድ ቀንስ) የሚለውን ከቅኔ ቤት ሰምቶት ኖሮ፣ «ለምንድን ነው አንዱ የሚቀነሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለመምህሩ አስተላልፌያለሁ።

መልስ፤ ከ«የቀድሞ ደቀ መዝሙር»

የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው፤ የሚቆጠሩት ያለፉት ዓመታት ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ የ2019ን ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ብቻውን ያውጣ፤ ድምሩ 30 ካልመጣለት እንዳትነግሩት።