የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ቅንጣት ፊዚክስ የመረጃ ቋት ካሽ (ተደጋግሞ የሚጠየቅ መልስ በቅርብ የሚያዝበት ማከማቻ) የምናቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በረቂቁ ሁለተኛ ክፍል የሰርቨሮችን ቁጥር መጨመር ቀዳሚ ሆኖ መቀመጡን አልደግፍም። ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ለቋቱ የሚላከው ጥያቄ የሚቀረጽበት መንገድ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሰርን የሚገኙት ሲኤምኤስና አትላስ የተባሉ ሙከራዎች የመመርመሪያዎቻቸውን የካሊብሬሽንና (የንባብ ማስተካከያና) የአቀማመጥ ልኬት ኦራክል በተባለ የመረጃ ቋት ያኖራሉ፤ ልኬቱን የሚፈልጉት ግን በብዙ አገሮች በተበተኑ የኮምፒውተር ማዕከላት በአንድ ጊዜ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ስለሆኑ፣ ሁሉም በቀጥታ ቢጠይቁት ቋቱ ሊሸከማቸው አይችልም። በአሜሪካው ቤተ ሙከራ በፌርሚላብ ለሲዲኤፍ ሙከራ የተጀመረው ፍሮንቲየር የተባለ ሥርዓት ጥያቄውን የኤችቲቲፒ (የድረ ገጽ ዓይነት) አድራሻ አድርጎ ይልካል፤ በየማዕከሉ ያለው ስኩዊድ የተባለ የካሽ ሰርቨር መልሱን ይይዝና ያንኑ አድራሻ ለሚጠራ ሁሉ ከቅርብ ያቀብላል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ልኬት ፈልገው በጥያቄያቸው የጻፉት ጊዜ (የሚያጠኑት ክስተት የተመዘገበበት) ሲለያይ ነው፤ ስኩዊዱ ጥያቄዎቹን እንደተለያዩ ይቆጥራቸውና ሁለቱንም ወደ ቋቱ ይልካቸዋል። አትላስ በኮምፒውተር የተሠሩ የማስመሰያ የቅንጣት ግጭቶችን በእውነተኛ መረጃ ላይ በሚደርብበት ሥራ የገጠመው ጫና ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የሚደረቡት ክስተቶች ከተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ናቸውና።

ምላሽ፦ እኅታችን ባነሡት እስማማለሁ፤ ሆኖም መፍትሔው በረቂቁ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ለአንባቢ ቅሬታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልኬቱ ራሱ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ስለማይለወጥ ያለ ሥጋት ለረጅም ጊዜ በካሽ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚለወጠው የትኛው ልኬት ለየትኛው ጊዜ እንደሚሠራ የሚገልጸው መዝገብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይለያዩ፣ መዝገቡም በካሽ ውስጥ አጭር ዕድሜ ይሰጠው። በጃፓን ያለው «ቤል ሁለት» የተባለ ሙከራ ልኬቶቹን በፋይል አኑሮ መዝገቡን በኤችቲቲፒ አገልግሎት በማቅረብ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ምላሽ፦ ሁለቱን ሐሳቦች አጣምሬ ሁለተኛውን ክፍል እንደሚከተለው እንድንጽፈው አቀርባለሁ። «ፕሮግራሞች የሚልኩት ጊዜ መዝገቡ ወደሚያውቀው የዘመን ክፍል (አንድ ልኬት የሚሠራበት የጊዜ ወሰን) መነሻ እንዲጠጋጋ፤ ልኬቱም በማይለወጥ ስም እንዲጠራ እንጠይቃለን። ተጨማሪ ሰርቨር የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ስኩዊዶቹን አልፎ ወደ ቋቱ የሚደርሰው ጥያቄ ተለክቶ ነው።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የማይቀበል አባል ካለ፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብልን።