ስሜን ተራሮች ላይ ፍኖተ ሐሊብን ፎቶ ማንሳት፦ እርዱኝ

ሰማይ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ስሜን ተራሮች ልንሄድ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንካበር ካምፕ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይ፣ ሰማዩን የሚያቋርጠውን የከዋክብት ጭረት) ማንሳት በጣም እፈልጋለሁ። ያለኝ ካኖን ካሜራ ከ18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ነው። እንጦጦ ላይ ካሜራው ለ30 ሰከንድ ብርሃን እንዲያስገባ አድርጌ ሞክሬ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ፣ ከዋክብቱም ጭረት ሆነው ወጡ። አንዳንዱ ደግሞ ብዥ ያለ ነው። ምን ላስተካክል? ሌንስ ልግዛ?

የማታ ካሜራ፦
እህቴ፣ ብርቱካናማው የአዲስ አበባ መብራት ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በደቡብ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከእንጦጦ ደግሞ ከተማዋ በስተደቡብ ናት። ሳንካበር ይህ ችግር የለም። ጭረቱ የመሬት መዞር ነው። የሌንስሽን 18 ሚሊሜትር በ1.6 (የካሜራሽ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ነው) አባዢና 500ን ለውጤቱ አካፍዪ፤ 17 ሰከንድ ገደማ ይመጣል፣ ከዚያ ካለፈ ከዋክብቱ ይጭራሉ። እኔ 15 ላይ አቆማለሁ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 3.5፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ፋይሉ ሮው (ያልተጨመቀው፣ በኋላ ለማስተካከል የሚመቸው)።

አበበ፦
30 ሰከንድም ያስኬዳል እኮ። ስልክ ላይ ማን አጉልቶ ያየዋል?

የማታ ካሜራ፦
አትሞ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው ይታያል። ብዥታው ግን የፎከስ ነው። አውቶፎከስ ጨለማ ውስጥ አይሠራም፤ ማኑዋል አድርጊው። ስክሪኑ ላይ ደማቅ ኮከብ ፈልገሽ 10 እጥፍ አጉዪው። ቀለበቱን ቀስ እያልሽ አዙሪ። ኮከቡ መጀመሪያ ያበጠ ነጠብጣብ ይመስላል፣ እያነሰ እያነሰ ይሄድና መልሶ ማበጥ ይጀምራል። ትንሹ ላይ መልሺውና ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፊ። ስታነሺም የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ፤ ጣትሽ ካሜራውን እንዳያንቀጠቅጠው።

የደባርቅ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣሽልን! ሳንካበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ባትሪም ቶሎ ይሞታል። ትርፍ ባትሪ ጃኬትሽ ውስጥ ያዢ። ወደ ጨነቅ ካምፕ ካለፋችሁ ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ከፊት አስገቢ፣ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ሰማዩን ግርማ ይሰጠዋል። ገደል አለና ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) በጨለማ አትንቀሳቀሺ። አደራ፣ ባውዛ ወደ ገደሉ አታብሪ፤ ጭላዳዎቹ እዚያ ነው የሚተኙት።

ሰማይ ወዳጅ፦
አመሰግናለሁ! ጨረቃስ አትረብሸኝም?

የማታ ካሜራ፦
ጊዜሽ ጥሩ ነው። ፋሲካ የሚውለው ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ስለሆነ፣ ያኔ ጨረቃዋ እያነሰች ነው። ከበዓሉ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ገደማ ውስጥ ጭራሽ ትጠፋለች፤ መሄጃችሁን ወደዚያ ጠጋ አድርጉት። በሚያዝያ መጨረሻ ፍኖተ ሐሊብ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ በደቡብ ምሥራቅ ብቅ ይላል፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት በደቡብ በኩል ከፍ ይላል። እሱን ሰዓት ነው መንቃት ያለብሽ።

ሌንሱን ተዪው፣ ያለሽ ይበቃል። ብር ካለሽ ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ግዢ፤ ነፋስ ከተነሳ ቦርሳሽን ከመሃሉ አንጠልጥዪበት።