«ያዳምጣል እንጂ አይሰማም» ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ጭኜ፣ ድረ ገጽ የሚያቀርበውን ፕሮግራም አፓቼን አስነሥቻለሁ። እዚያው ላይ 127.0.0.1 ብዬ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ፣ ስጠራው ገጹ ይከፈታል። ከዚያው ኔትወርክ ሌላ ኮምፒውተር ስሞክር ግን ወዲያውኑ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ይለኛል። አንድ የአማርኛ መመሪያ ሳገላብጥ ይህን አገኘሁ፦ «አገልጋዩ በ127.0.0.1 ላይ ያዳምጣል እንጂ ከውጭ የመጣውን አይሰማም።» የሚያዳምጥ እንዴት አይሰማም? መመሪያው ምን አድርግ እያለኝ ነው?

ቅኔ ዘራፊ፦ ዳዊት የደገመ ይህን አይጠይቅም። «አጽምእ እዝነከ» (ጆሮህን አዘንብል) ይልና «ስምዐኒ» (ስማኝ) ያስከትላል። ማጽማእ ጆሮን ማዘንበል ነው፤ መስማት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የአንተም አገልጋይ ጆሮውን ያዘነበለው ወደ ውስጥ ብቻ ነው። ጸሓፊው ምስጋና ይገባዋል።

ፊደል ለቃሚ፦ የተጠየቀው «አዳመጠ» ነው፤ የተመለሰው «አጽምአ»። «አዳመጠ» ከግእዙ «ደምፀ» (ድምፅ ሰጠ) የወጣ ነው፤ ጸጉር ጠጉር እንደሆነ ሁሉ ይህም ወደ ጠ ዞረ። ስለዚህ ማዳመጥ ድምፅን መከተል ነው፤ ድምፅ በሌለበት ማዳመጥ የለም። አገልጋዩ ግን «ያዳምጣል» የሚባለው ገና ማንም ሳይጠራው ነው። «ይጠባበቃል» ቢባል ይህ ሁሉ ውዝግብ ባልተነሣ ነበር።

ባለ መዳመጫ፦ እኔ ደግሞ ከጥጥ መዳመጥ ነው ባይ ነኝ። መዳመጫው ጥጡን ተጭኖ ፍሬውን እንደሚለይ፣ አዳማጭም ፍሬ ነገሩን ይለያል።

ፊደል ለቃሚ፦ ወንድሜ፣ ጥጥ ይዳመጣል እንጂ አይደመጥም። ግስ ሳያወርዱ ሥር መማስ እንዲህ ያደርጋል።

የሌሊት ተረኛ፦ ከይቅርታ ጋር ላቋርጣችሁ፤ አገልጋይ ማስነሣት እንጀራዬ ነው። «ማዳመጥ» የመመሪያው ጸሓፊ ፈጠራ አይደለም፤ በ1981 የወጣው የቲሲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚገናኙበት ደንብ) ሰነድ ከግንኙነት ሁኔታዎች አንዱን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ አድራሻና ወደብ (በአድራሻው ላይ ያለ ባለ ቁጥር በር) ይይዛል፣ ከዚያ ያዳምጣል፣ በመጨረሻም የመጣውን ይቀበላል። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፦ በሊኑክስ ደጅ ከመጣው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ተራ የሚያስይዘው ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው። አፓቼ ገና «ተቀበልኩ» ሳይል ግንኙነቱ ተመሥርቶ ያድራል። እንግዲህ «ያዳምጣል እንጂ አይሰማም» ጸሓፊው ካሰበው በላይ እውነት ነው።
አዲስ ገቢ፣ ወዲያውኑ መከልከልህ አንድ ነገር ይነግርሃል፤ በዚያ አድራሻና ወደብ የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ፋየርዎል (ግንኙነትን የሚያግደው አጥር) ቢውጥህ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ያለ መልስ ያስጠብቅሃል። አፓቼ በተለምዶ እንደተጫነ በሁሉም አድራሻ ነው የሚያዳምጠው፤ በ127.0.0.1 የወሰነው ሰው አለ። የአፓቼ አሠራር በሚወሰንበት በቅንብሩ ፋይል «ሊስን» (አዳምጥ) የሚለውን መስመር ተመልከት።

ቅኔ ዘራፊ፦ ከርነሉማ ዐጻዌ ኆኅት ነው በለኛ! በር የሚጠብቅ ሌላ፣ መቅደስ የሚያገለግል ሌላ። ደስ አሰኘኸኝ። «ቅንብር» ያልከውን ግን አልቀበልም፤ ቅንብር ለዜማ ነው።

አዲስ ገቢ፦ «ሊስን 127.0.0.1:80» ይላል። ከ80 በፊት ያለውን አጥፍቼ ወደቡን 80ን ብቻ ልተው? ለሁሉ ክፍት ማድረጉስ አያሠጋም?

ባለ መዳመጫ፦ «ቅንብር» ከ«ቀነበረ» ነው፤ ቀንበርም ከዚያው። ሁለት በሬ የሚያጣምድ ቃል ሁለት ፕሮግራም ቢያጣምድ ምን ነውር አለው?

ፊደል ለቃሚ፦ ይኸኛውን እንኳ ሊያስቡበት ይቻላል። ቅኔ ዘራፊ ሆይ፣ ስለ ቅንብር ከመቆጣትዎ በፊት ስለ «አገልጋይ» ለምን ዝም አሉ? ግእዙ «ላእክ» እያለ!

ቅኔ ዘራፊ፦ ላእክ የሚላክ ነው። ይህ ግን እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ከወደቡ ንቅንቅ አይልም። የሚላከውስ የጠያቂው የድረ ገጽ አሳሽ ነው፤ ላእክ ካሉ እሱን ይበሉ።

ፊደል ለቃሚ፦ «ተልእከ» ተላከም አገለገለም ይላል። እርስዎ ግማሹን ብቻ ነው የተማሩት።

ቅኔ ዘራፊ፦ እኔ ቅኔ ስቆጥር እርስዎ ገና ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በ«ተልእከ» ማገልገል ያለ መላክ የተነገረበትን አንድ ንባብ ያምጡልኝ፤ ካመጡ «አገልጋይ»ን ትቼ «ላእክ» ብዬ እጽፋለሁ።